ዲስኩን ማን ያየዋል? የቤተሰብን ድምፅ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ በአደራ ማስቀመጥ

በብዙዎቻችን ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ፣ የካሴት ክምር አለ። የሰርግ ቪዲዮ፣ በስግድ ቀን የተቀዳ የቄሶች ጸሎት፣ ከጎንደር በሰው እጅ የተላከ የዘመድ ሰላምታ፣ አንዳንዴም አያት በሱዳን በኩል ስለመጡበት መንገድ ሲያወሩ የተቀዳ ድምፅ። ቴፕ ደግሞ ያረጃል። ማጫወቻውም እየጠፋ ነው፤ የቪኤችኤስ ማጫወቻ ሲሠራ የቆየው የመጨረሻው ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ካሴቱን ወደ ዲጂታል መገልበጥ ጥሩ ጅምር ነው። ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ ፋይሉ የት ይቀመጣል? ብዙ ጊዜ መልሱ "አንድ የዩኤስቢ ዲስክ ላይ" ነው። ያ ዲስክ አንድ ቀን ከጠረጴዛ ቢወድቅስ? ተናጋሪው በሕይወት ከሌሉ ታሪኩን ደግሞ የሚነግረን የለም።

እዚህ የማስረዳችሁ የተሻለ መንገድ አለ፦ ፋይል ለመጠበቅ ተብሎ የተሠራ ኦፐሬቲንግ ሲስተምን፣ ቤት ባለው አንድ ኮምፒውተር ላይ፣ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ማስኬድ። ይሠራል፤ እኔም ቤቴ የምጠቀመው በዚህ መልክ ነው። ግን አንድ ትልቅ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ መረጃውን የሚጠብቀው ሲስተም እውነተኛውን ዲስክ ራሱ ማየት አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህች ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው።

ናስ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እናቶቻችን "ናስ" ሲባሉ የሚታያቸው ቢጫው ብረት ነው። በኮምፒውተር ዓለም ግን ናስ ማለት ከቤት ኔትወርክ ጋር የተገናኘ፣ ዋና ሥራው ፋይል ማስቀመጥና ማካፈል የሆነ ኮምፒውተር ነው። ስልኩም፣ ላፕቶፑም፣ ቴሌቪዥኑም በኔትወርኩ ገብተው ከእሱ ያነባሉ።

እንዲህ ላለ ኮምፒውተር የተዘጋጁ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች አሉ። ከታወቁት አንዱ ትሩናስ ነው። ኦሊቪየ ኮሻር-ላቤ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ2005 ፍሪናስ ብሎ ጀመረው፤ በኋላ አይኤክስሲስተምስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ተረከበው። ለቤት የሚሆነውን በነፃ ማውረድ ይቻላል።

የትሩናስ ልብ ዜድኤፍኤስ የሚባለው የፋይል ሲስተም ነው። ይህም ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀምሮ በ2005 ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥራ ነው። ዜድኤፍኤስን ልዩ የሚያደርገው ተጠራጣሪነቱ ነው። እያንዳንዱን የመረጃ ቁራጭ ሲጽፍ ቼክሰም ያሰላል፤ ቼክሰም ማለት ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ፣ እንደ ማኅተም ያለ ቁጥር ነው። ይህን ማኅተም ከቁራጩ ጋር ሳይሆን ለብቻው ሌላ ቦታ ያኖረዋል። ሲያነብ እንደገና ያሰላና ያወዳድራል። ካልተመሳሰለ ዲስኩ "ደህና ነው" ቢልም እንኳ አያምነውም። መረጃው በሁለት ዲስኮች ላይ እኩል የተጻፈ ከሆነ፣ ማለትም ሚረር ካለ፣ ከደህናው ወስዶ የተበላሸውን ያድሳል።

ይህ ለእኛ ለምን ይጠቅማል? ዲስክ ሁልጊዜ በአንድ ጊዜ ድርግም ብሎ አይሞትም። አንዳንዴ ድምፅ ሳያሰማ ጥቂት ባይቶች ይቀየራሉ። ፎልደሩ አለ፣ የፋይሉ ስም አለ፣ መጠኑም ትክክል ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ስትከፍቱት ግን የአያት ድምፅ መሐል ላይ ይቆረጣል። ተራ የፋይል ሲስተም ይህን አይነግራችሁም።

ቨርቹዋል ማሽንስ?

ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው። ውስጡ ያለው ሲስተም የራሱ ፕሮሰሰር፣ ራምና ዲስክ ያለው ይመስለዋል። ይህን የሚያቀርብለት ሃይፐርቫይዘር ይባላል። ለመረዳት እንዲቀል፣ ከታች ያለውን ዋና ሲስተም "አስተናጋጅ"፣ በውስጡ የሚሄደውን "እንግዳ" እላለሁ።

ከዚህ ጀርባ የእስራኤል ታሪክም አለ። በሊኑክስ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬደውን ኬቪኤምን የጀመረው አቪ ኪቪቲ ነው፤ ይሠራበት የነበረው ድርጅት ቁምራኔት የሚባል የእስራኤል ጀማሪ ኩባንያ ነበር። ኬቪኤም እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ሊኑክስ ከርነል ገባ፤ በ2008 ሬድ ሃት ኩባንያውን በ107 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ስሙ፣ ጥንታውያን ብራናዎች በማሰሮ ተከተው የተገኙበትን ቁምራንን ያስታውሰኛል። ዛሬ ብዙ ሰው ቤቱ የሚጭነው ፕሮክስሞክስ የተባለው ነፃ ሲስተምም የሚቆመው በዚሁ በኬቪኤም ላይ ነው። የምሰጣችሁ ምሳሌ በፕሮክስሞክስና በትሩናስ ነው፤ ሐሳቡ ግን ለሌሎቹም ይሆናል።

ለምን ሁለቱን እናገናኛለን?

ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ኮምፒውተሩ አንድ ነው፣ ሥራው ግን ብዙ። ለቤተሰብ ማኅደር ናስ ትፈልጋላችሁ። ቪዲዮውን ሳሎን ውስጥ ለማየት ሌላ ሰርቨር ያስፈልጋል። ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ለልምምድ አንድ ሊኑክስ ብታበላሹና ብትሠሩ ደስ ይላችኋል። ለሁሉም የተለየ ማሽን መግዛት ገንዘብ ነው፤ ሦስት ማሽን ቀን ከሌት ማብራትም የመብራት ሒሳብ ነው። አንድ ጠንከር ያለ አሮጌ ዴስክቶፕ ሁሉንም በየክፍሉ ለያይቶ ሊይዝ ይችላል። አንዱን ሲስተም ብታበላሹት ሌላውን አይነካም።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው

ሃይፐርቫይዘር ሥራው መጋረጃ መሆን ነው። እንግዳው እውነተኛውን ዕቃ እንዳያይ፣ የተመሰለውን ብቻ እንዲያይ ያደርጋል። ዜድኤፍኤስ ደግሞ ሥራው ዕቃውን ራሱ መመርመር ነው። የጎተራ ጠባቂ ቀጥራችሁ "እህሉን አትይ፣ እኛ ደህና መሆኑን እንነግርሃለን" እንደ ማለት ነው።

መጋረጃው የሚሸፍናቸውን ሦስት ነገሮች ልዘርዝር።

አንደኛ፣ የዲስኩ ጤና። ዲስኮች ስማርት በሚባል አሠራር ስለራሳቸው ይመዘግባሉ፦ ስንት ሰዓት ሠሩ፣ ሙቀታቸው ስንት ነው፣ ስንት ቦታ ተበላሸባቸው። ቨርቹዋል ዲስክ ይህን አያስተላልፍም። ትሩናስ ዲስኩ እየታመመ መሆኑን አያውቅም፤ ስለዚህ አያስጠነቅቅም።

ሁለተኛ፣ "ተጽፏል" የሚለው ቃል። ዜድኤፍኤስ ዲስኩን "ይህን በእርግጥ ጻፍከው?" ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ እስኪያገኝ ይጠብቃል። አስተናጋጁ ላይ ለፍጥነት ሲባል ጥንቃቄ የጎደለው የካሽ ምርጫ ከተደረገ፣ መረጃው ገና ራም ውስጥ ሳለ "አዎ፣ ተጽፏል" የሚል መልስ ይመጣል። በዚያች ሰከንድ መብራት ቢጠፋ ነገሩ ሁሉ ሊበላሽ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጥንዱ ጥንድ መሆኑ። ለትሩናስ ሁለት ቨርቹዋል ዲስክ ሰጥታችሁት ሚረር ሠራ እንበል። ስክሪኑ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ግን ሁለቱም ፋይሎች የተቀመጡት አንድ እውነተኛ ዲስክ ላይ ከሆነ፣ ያ ዲስክ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። ትሩናስ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ለእኔ በጣም አደገኛው ይኼኛው ነው፤ ሰውን ያለ ምክንያት ያረጋጋዋልና።

ሦስት መንገዶች

ዲስክን ለእንግዳው የምንሰጥበት መንገድ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ቨርቹዋል ዲስክ ነው። አስተናጋጁ ላይ አንድ ትልቅ ፋይል ይፈጠርና እንግዳው ዲስክ ነው ብሎ ይጠቀምበታል። ትሩናስን ለመማር፣ ነካክቶ ለማየት፣ በጣም ጥሩ ነው። በዚህ መልክ ሞክሩ፣ አበላሹ፣ እንደገና ጫኑ። ለአደራ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው አንድን እውነተኛ ዲስክ በሙሉ ለእንግዳው ማሳለፍ ነው። ከመጀመሪያው ይሻላል፤ መረጃው በቀጥታ ዲስኩ ላይ ይጻፋል። ግን በመሐል አሁንም አስመሳይ ኮንትሮለር አለ። ስማርት ወደ እንግዳው አይደርስም፤ የዲስኩ መለያ ቁጥርም በእጅ ካልተሰጠው አይታይም። ሌላም ስጋት አለ፦ አስተናጋጁም ያንኑ ዲስክ ያየዋል። ፕሮክስሞክስ ራሱ ዜድኤፍኤስ ያውቃል። ሁለቱ ሲስተሞች አንዱን ፑል፣ ማለትም የዲስኮቹን ስብስብ፣ በአንድ ጊዜ ከፍተው ከጻፉበት መረጃው ይጠፋል። አንድ ደብተር ላይ ሁለት ሰው ሳይተያይ ሲጽፍ አስቡት።

ሦስተኛው፣ እኔ የምመክረው፣ ዲስኮቹ የተሰኩበትን ኮንትሮለር በሙሉ ለእንግዳው መስጠት ነው። ይህ ፓስትሩ ይባላል። አስተናጋጁ እጁን ያነሳል፤ ትሩናስ ካርዱን ራሱ ያንቀሳቅሳል፤ ዲስኮቹን በስማቸው፣ በቁጥራቸው፣ በጤናቸው ያያል። መጋረጃው ለዲስኮቹ ብቻ ተከፈተ ማለት ነው።

የዚህ ትልቁ ጥቅም በክፉ ቀን ይታያል። ማዘርቦርዱ ተቃጠለ ወይም ፕሮክስሞክስ ተበላሸ እንበል። ዲስኮቹን ነቅላችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ትሰካላችሁ፣ ትሩናስን ያለ ምንም ቨርቹዋል ማሽን ትጭናላችሁ፣ ፑሉን ኢምፖርት ታደርጋላችሁ። ፋይሎቹ እንዳሉ ይወጣሉ። በመጀመሪያው መንገድ ግን መጀመሪያ አስተናጋጁን ማዳን ሊኖርባችሁ ነው።

በተግባር እንዴት ይሠራል?

1. ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ ይህን ይችሉ እንደሆነ አረጋግጡ። በኢንቴል ቪቲ-ዲ፣ በኤኤምዲ ደግሞ ኤኤምዲ-ቪአይ ይባላል። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ አብሩት። ተራው የቨርቹዋል ማሽን ፈቃድ ሌላ ነው፤ እሱ ብቻ በቂ አይደለም።

2. ኮንትሮለር ምረጡ። ርካሹ መንገድ ፕሮክስሞክስን በትንሽ ኤንቪኤምኢ ዲስክ ላይ ጭኖ፣ የማዘርቦርዱን የሳታ ኮንትሮለር በሙሉ ለትሩናስ መስጠት ነው። ይህ የሚሆነው ኮንትሮለሩ ከሌሎች ዕቃዎች ተለይቶ በራሱ ቡድን ውስጥ ከተመደበ ነው፤ ፕሮክስሞክስ ቡድኑን ያሳያችኋል። ካልሆነ ኤችቢኤ የሚባል ካርድ ይገዛል። ያገለገለው ኤልኤስአይ 9211-8አይ የታወቀ ነው፤ ስምንት ዲስክ ይይዛል። ስትገዙ "አይቲ ሞድ" መሆኑን ጠይቁ፤ በዚያ ሁኔታ ካርዱ በመሐል ሳይገባ ዲስኮቹን እንዳሉ ያሳያል። የተሠራው ነፋስ ለሚነፍስበት የሰርቨር ሳጥን ስለሆነ ይግላል፤ ትንሽ ፋን አድርጉለት።

3. አስተናጋጁ ካርዱን እንዳይነካው አድርጉ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ትሩናስ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ጊዜ አለ። በዚያች ጊዜ ፕሮክስሞክስ ዲስኮቹን አይቶ ፑሉን እንዳይከፍት፣ ካርዱ ከመነሻው ቪኤፍአይኦ ለሚባለው ድራይቨር እንዲሰጥ ይደረጋል። ይህን ደረጃ አትዝለሉ።

4. ራም ስጡት። ትሩናስ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ይፈልጋል፤ ዜድኤፍኤስ የተረፈውን ራም ለንባብ ካሽ ስለሚጠቀምበት ብትጨምሩለት አይጠላም። ፓስትሩ ካለ የተሰጠው ራም በሙሉ ለእሱ ብቻ ይያዛል። ስለዚህ ፕሮክስሞክስ ውስጥ ባሉኒንግ የሚባለውን፣ ራም እየሰጠ የሚቀማውን ምርጫ፣ አጥፉት።

5. ለትሩናስ ለራሱ መነሻ ትንሽ ቨርቹዋል ዲስክ ይበቃዋል፤ 32 ጊጋባይት ብትሰጡት ምቹ ነው። እዚያ ላይ የሚቀመጠው ሲስተሙ እንጂ የቤተሰቡ ፋይል አይደለም።

6. ሁለት እኩል ዲስክ ወስዳችሁ ሚረር ሥሩ። ስክረብ የሚባለውን ምርመራ እንደበራ ተዉት፤ በየጊዜው ሁሉንም ቁራጭ አንብቦ ከማኅተሙ ጋር ያወዳድራል። ስናፕሾትም በየቀኑ እንዲነሣ አድርጉ። አንድ ሰው ፎልደሩን በስሕተት ቢያጠፋ ወደ ትናንት ትመለሳላችሁ።

7. ዩፒኤስ ግዙ። መብራት ሲጠፋ ሲስተሙ በሥርዓት እንዲዘጋ ጊዜ ይሰጣል።

ምን ያህል ቦታ ያስፈልጋል?

እንቁጠር። የድምፅ ማኅደር ባለሙያዎች ለአሮጌ ቅጂ ያልታመቀ ፋይል ይመክራሉ። በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ አንድ ሰዓት ድምፅ ወደ 2 ጊጋባይት ይሆናል። የ90 ደቂቃ ካሴት መቶ ካላችሁ 150 ሰዓት፣ ማለትም ወደ 310 ጊጋባይት ነው። የቪኤችኤስ ቪዲዮ በዲቪ ዓይነት ሲገለበጥ በሰዓት ወደ 13 ጊጋባይት ይወስዳል። የሁለት ሰዓት ካሴት አርባ ቢኖር 1,040 ጊጋባይት ነው። ሁሉም ሲደመር ከ1.4 ቴራባይት አይበልጥም። ስለዚህ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ በሚረር ከበቂ በላይ ነው። ኤስኤምአር የሚባሉትን ዲስኮች ግን አትግዙ፤ አንዱ ዲስክ ተቀይሮ እንደገና ሲሞላ በጣም ይዘገያሉ።

ስለ ፋይል ስም አንድ የእኛ ነገር ልጨምር። በዜድኤፍኤስ፣ በመደበኛው አቀማመጥ፣ የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም። በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት፣ የዕብራይስጥ ፊደል 2 ባይት፣ የግዕዝ ፊደል ግን 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ በአማርኛ የምትችሉት 85 ፊደል ያህል ነው። ረጅም ስም ዊንዶውስ ላይ ሠርቶ ናሱ ላይ "አይሆንም" ቢላችሁ ምክንያቱ ይኼ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ስሙን አሳጥሮ ዝርዝሩን፣ ማለትም ማን ተናገረ፣ የየት አገር ሰው፣ መቼ ተቀዳ የሚለውን፣ አጠገቡ ባለ የጽሑፍ ፋይል መጻፍ ነው። ቀን ስትጽፉም የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግለጹ። አያት "በ77 ወጣን" ካሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፤ ያ በፈረንጆቹ 1984 ወይም 1985 ነው።

ሚረር ጊቡይ አይደለም

በዕብራይስጥ "ጊቡይ" የምትሉት፣ የመጠባበቂያ ቅጂ፣ ሌላ ነገር ነው። ሚረር ከአንድ ዲስክ ሞት ያድናል። ከእሳት፣ ከሌባ፣ ከውኃ፣ ሙሉ ኮምፒውተሩን ካቃጠለ የመብራት ኃይል አያድንም። የታወቀው ሕግ 3-2-1 ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ከቤት ውጭ ያለው አክስታችሁ ቤት የተቀመጠ ዲስክ ሊሆን ይችላል፤ በየጥቂት ወሩ እያመጣችሁ ታድሱታላችሁ።

በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያታልል አንድ ወጥመድ አለ። ፕሮክስሞክስ ቨርቹዋል ማሽኖችን በራሱ ይገለብጣል፤ "ተሳክቷል" የሚል ምልክትም ያሳያል። የሚገለብጠው ግን ያችን 32 ጊጋባይት ዲስክ ብቻ ነው። በፓስትሩ ለትሩናስ የተሰጡትን ዲስኮች አስተናጋጁ አያያቸውም፤ ስለዚህ አይገለብጣቸውም። የካሴቶቹን ቅጂ መውሰድ ያለበት ትሩናስ ራሱ ነው። እንደዚሁም የትሩናስን የማስተካከያ ፋይል አውርዳችሁ ከማሽኑ ውጭ አስቀምጡ፤ እንደገና ስትጭኑ ሥራ ይቀንስላችኋል።

ከቅጂ በተጨማሪ ፈቃድ የሚባል ነገር አለ። ስለ ስደት፣ በመንገድ ስለሞቱ ሰዎች የተናገሩ ሽማግሌ፣ ሁሉም እንዲሰማው ሳይሆን ለልጆቻቸው ብለው ሊሆን ይችላል። ትሩናስ ለእያንዳንዱ ፎልደር ማን እንደሚገባ መወሰን ያስችላል፤ ተጠቀሙበት። ናሱን በቀጥታ ለኢንተርኔት አትክፈቱት፤ ከውጭ መግባት ካስፈለገ በቪፒኤን ይሁን።

መቼ ይቅርባችሁ?

ማዘርቦርዱ ፓስትሩን ካልቻለ፣ ወይም ከናሱ ሌላ የምታስኬዱት ነገር ከሌለ፣ ቨርቹዋል ማሽኑን ተዉትና ትሩናስን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ጫኑት። አንድ ድርብርብ ቀነሰ ማለት አንድ የሚበላሽ ነገር ቀነሰ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ይህን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነም አስቡበት። ለውትድርና ወይም ለትምህርት ርቃችሁ ስትሄዱ ማሽኑ ቢቆም ታናሽ እኅታችሁ ልታስነሣው ትችላለች? እንዴት እንደሚከፈት በአንድ ገጽ ወረቀት በዕብራይስጥም በአማርኛም ጽፋችሁ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ።

ሁሉንም ጨርሳችሁ የቤተሰቡን ፋይል ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ፈተና አድርጉ። ጥቂት የማይጠቅሙ ፋይሎች ጻፉበት፣ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ዝጉ፣ አንዱን ዲስክ ንቀሉ፣ እንደገና አስነሡ። ፋይሎቹ ይከፈታሉ? ትሩናስ ዲስኩ መጉደሉን ነገራችሁ? መለያ ቁጥሩስ ከነቀላችሁት ዲስክ ጋር አንድ ነው? ዲስኩን መልሱና ሲጠገን ተመልከቱ። ከዚያ ደግሞ ከመጠባበቂያ ቅጂው አንድ ፋይል አውጥታችሁ እስከ መጨረሻው አዳምጡ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያለፈ ማሽን ላይ አደራ ማስቀመጥ ይቻላል።